ቁልፉ የተሰጠው ዋርሳ

ስልኩ የጮኸው ግማሹ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ ሳይነካ ነው። ሚስቱ መቁረጫ ማሽኑን አጥፍታ፣ አንገቱ ላይ የታሰረው ፎጣ እንዳይወልቅ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈችለት።

ደዋይዋ በስም ብቻ የሚያውቃት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ሰላምታ አላስረዘመችም።

"ሰሞኑን በወጣው የሥራህ አዲስ እትም ውስጥ ሌላ ሰው ሾልኮ የሚገባበት በር አለ" አለችው።

"የትኛው ሥራዬ?"

"ሰዓቱ።"

ሳቀ። ሰዓቱ ከተማሪነቱ ጀምሮ ሲሠራው የኖረ፣ የኮምፒውተሮችን ሰዓት እኩል የሚያስኬድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኮዱን ለማንም ክፍት አድርጎ በነጻ ለቀቀው፤ ዛሬ ሆስፒታሉም፣ ባንኩም፣ አየር ማረፊያውም በእሱ ይሠራሉ። ሚስቱ "ባሌ የዓለሙን ሰዓት ይሞላል፣ የገዛ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ግን ከቆመ ዓመቱ" እያለች እንግዳ ታስቅበታለች።

"ቀልዴን አይደለም" አለች ደዋይዋ። "አንዱ ኮምፒውተራችን ማንም ሳይነካው ወደማናውቀው ቦታ መልእክት ሲልክ ያዝነው። መነሻውን ስንፈልግ አንተ ጋ ደረስን። እባክህ አሁኑኑ እየው።"

ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፈተ። የተቆረጠው ፀጉር ፊደሎቹ መሃል ይረግፋል። የነገረችውን ፋይል ሲያገላብጥ፣ ለሙከራ ተብሎ ከተቀመጠ የማይረባ ነገር መሃል ተሸጉጦ አገኘው። ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ የተጫነበትን ማንኛውንም ኮምፒውተር ባለቤቱ ሳያውቅ ይከፍታል።

ማን እንዳስገባው ከጎኑ ተጽፏል። የረዳቱ ስም ነው።

ሚስቱ ይህን ረዳት "ዋርሳዬ" ነው የምትለው፣ እንደ ባሏ ወንድም። በአካል አይተውት አያውቁም። የባልየው አባት ታመው ባልየው ከሥራው በተለየበት ጊዜ፣ ከየት መጣህ ሳይባል መጥቶ ስህተቶቹን ያርምለት ጀመር። ያን ሰሞን የማያውቃቸው ሰዎች በኢንተርኔት እየተቀባበሉ "ሰነፍ" ሲሉት፣ "ለሌላ ልቀቅ" ሲሉት፣ የተሟገተለት ይህ ረዳት ብቻ ነበር። አባቱ ያረፉ ጊዜ በየቀኑ እየጻፈ አጽናናው። ሚስቱ "ከሥጋ ወንድምህ ይበልጣል፣ ዋርሳዬን ሰላም በልልኝ" ትል ነበር። ባለፈው ወር ባልየው የፕሮግራሙን ቁልፍ ሰጠው፤ አዲስ እትም በፕሮግራሙ ስም የማውጣት ሙሉ ሥልጣን። "አታስብ፣ አንተ እረፍ" አለው ዋርሳ። እውነትም አረፈ።

"ቁልፉን ሰርቀውት ነው" አለ ስልኩ ላይ። "ምስኪን፣ አልሰማም ማለት ነው። ቆይ፣ ልንገረው።"

"ያኔ ሲሰድቡህ የነበሩትን ሰዎች ታስታውሳለህ?" አለች ደዋይዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ዛሬ ፈለግናቸው። ከዚያ በፊት የትም አልነበሩም። ቁልፉን ከሰጠህ ወዲህም የትም የሉም።"

"ምን ልትይኝ ነው?"

"አጻጻፋቸውን እየው።"

የድሮውን ስድብ አወጣ። "ሞተሃል ወይስ ተኝተሃል ?" ይላል አንዱ። "ካልቻልክ ለሚችል አትለቅም ?" ይላል ሌላው። ሁሉም ከጥያቄ ምልክቱ በፊት አንድ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ዓይኑ ሊያልፈው ነበር፤ ተመለሰ። ከዚያ የዋርሳን መልእክቶች ከፈተ፤ አባቱ በተቀበሩ ማግስት የመጣውን።

"ዛሬስ እህል ቀመስክ ?"

ከስድቦቹ ጎን አስቀመጠው፤ ያው ባዶ ቦታ።

"ኧረ ተናገር፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አለች ሚስቱ።

"በሩን የከፈተው ዋርሳ ነው። ሰዳቢዎቹም እሱው ራሱ ነው።"

አልገባትም። ፊቱን ስታይ ገባት። ማሽኑን እንደያዘች አጠገቡ ካለው በርጩማ ላይ ዘፍ አለች።

"እንቅልፍ ያሳጣህም፣ ያጽናናህም… አንድ ሰው?"

"አንድ ይሁን አሥር፣ እሱንም አላውቅም።"

"ታዲያ እኔ ማንን ነው ሰላም ስል የኖርኩት?"

"ለምን?" ብሎ ለዋርሳ ጻፈ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣለትም። መልእክቱ ተመለሰ። በዚህ ስም የሚታወቅ ተጠቃሚ የለም ይላል። ደጋግሞ ሞከረ። የለም።

ደዋይዋ መስመሩ ላይ ናት። "ልወቅስህ አይደለም የደወልኩት" አለች። "ገና ብዙ ቦታ አልደረሰም። ግን አውጡት ማለት ያለብህ አንተ ነህ። ሰዉ የሚያምነው አንተን ነው።"

"አሁንም?"

"አሁን ከተናገርክ።"

ጻፈ። "የሰዓቱ አዲስ እትም ተመርዟል። የጫናችሁ በሙሉ ቶሎ አውጡት። ቁልፉን ለማላውቀው ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ።" አንዱን ቃል ስንቴ እየሳተ አረመው። ሚስቱ ተነስታ ከኋላው ቆመች፤ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ አብራው ታነባለች።

ላክ የሚለውን ሊጫን ሲል ጣቱ በራሱ ጊዜ ወደ ተቀባዩ ስም ሄደ። ለሕዝብ የሚወጣ ነገር በጻፈ ቁጥር መጀመሪያ ለዋርሳ ልኮ "እስቲ እየው፣ የጎደለ አለ?" ማለት ለምዷል። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጽፎ ኖሯል።

ፊደሏ ላይ ፈጦ ቀረ። ሚስቱ ከኋላው እጇን ዘርግታ አጠፋችለት።