ከቁልፉ አጠገብ

የቀረቻት አንዲት ወረቀት ነበረች። አንድ መሬት ቀያሽ ያስተማራት ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው፤ መድኃኒት የተቀባውን ወረቀት ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ ዕቃ አስቀምጦበት፣ ቆይቶ በውኃ ማጠብ። ፀሐይ ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል፤ የተሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እሷ ግን የቀደሙትን ሁሉ አበላሽታቸዋለች። አሁን መቱ ገበያ ላይ የክተት ነጋሪት ይጎሰማል፤ ባሏ መዝመቱ ነው፤ ደመናውም ከሶር ወንዝ ማዶ እየመጣ ነበር።

"እጅህን ዘርጋበት፤ እንዳታንቀሳቅሰው፣ አደራ!" አለችው። ነፋስ ወረቀቱን እንዳያነሣባት የቤቱን ቁልፍ ከጣቶቹ አጠገብ አስቀመጠችበት።

"የአልሞ ተኳሽ እጅ ይንቀሳቀሳል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከማለዳ ጀምሮ እንዲሁ ሲስቅና ሲያቅራራ ነበር። ደመናው ፀሐይዋን ሲውጣት ወረቀቱን ነጥቃ በገበቴው ውኃ ውስጥ ነከረችው። ሰማያዊው እየደመቀ፣ መሃሉ ላይ ነጭ እጅ ብቅ አለ። ጠርዙ ግን ተድበስብሷል፤ አንዱ ጣት ሁለት መስሏል። "አበላሸሁት!" ብላ ልትጮህ ስትል ቁልፉን አየችው። በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የተንቀሳቀሰው ወረቀቱ አልነበረም።

ቀና ስትል ጠመንጃውን አንግቶ በአጥሩ በር ላይ ቆሟል፤ አሁንም ይስቃል።

"ምነው? አልወጣም?"

እርጥቡን ወረቀት ፊቱን ወደ ደረቷ አዙራ ቀሚሷ ላይ ለጠፈችው።

"ወጥቷል" አለችው። "ንቅንቅ አላልክም።"