የቀኝ ጆሮ ቱቦ

የኋለኛው ካርቡራተር ከፊተኛው በላይ ይጮሃል። ሁለቱ እኩል አየር መሳብ አለባቸው። ሟቹ ወንድሜ ይህን የሚለካው በሁለት የጎማ ቱቦ ነበር፤ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ጆሮው ሰክቶ ፉጨታቸው እኩል እስኪሆን የአየር ማስተካከያውን ብሎን ያዞራል። በጆሮው ይመካ ነበር፤ የእኔን ሥራ ከመንገድ ማዶ ሰምቶ ይሰድበኛል።

ሚስቱ መኪናዋ ውስጥ ናት። መኪናዋ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ሚስቱም እንደ ወትሮዋ ከሹፌሩ ወንበር በስተቀኝ ተቀምጣለች።

እዚያው ወንበር ላይ ሆና ነው ይቅርታ የጠየቀችው። ተኳርፈው ከርመው ነበር፤ እሱ እየነዳ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ይቅር በለኝ አለችው። ዝም አላት። ሳይውል ሳያድር ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያ ዝምታ ከክፍል ክፍል ይከተላታል። “ተቀይሞኝ ሄደ” ትላለች ለመጣው ሁሉ። እኔም አምኛታለሁ፤ ወንድሜ ቂም ያውቅበት ነበር።

መኪናዋ ምን እንደሆነች በመስኮቱ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልኳት። ወንድሜ ሲሳሳት አይቼ ስለማላውቅ ትንሽ ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቱቦዎቹን ከጆሮ ጆሮ ለዋውጬ ሰማሁ። ያው የኋለኛው ይበልጣል። ብሎኑ ላልቶ ይሆናል ብዬ አየሁት፤ ወንድሜ ሥራ ሲጨርስ ብሎኑ እንዳይዞር የሚቀባው ቀይ ቀለም እንኳ አልተሰነጠቀም። እንግዲህ ለእሱ ጆሮ እኩል ነበሩ። ቱቦዎቹን አገላበጥኩ። ከኋለኛው ካርቡራተር በሚመጣው ላይ በራሱ እጅ “ቀኝ” ተብሎ ተጽፏል።

ሞተሩን አጠፋሁት።

“እትዬ፣ ጋሼ በቀኝ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር።”

“ማን ነገረህ?”

“ካርቡራተሩ።”

ለደከመው ቀኝ ጆሮው እኩል እንዲሰማው ሲል የኋለኛውን ከልክ በላይ ከፍቶት እንደኖረ አስረዳኋት። ፊት ለፊት ስናወራው ስለሚመልስ ማናችንም አልነቃንበትም፤ እሱ ደግሞ ቢሞት ጆሮዬ ደክሟል አይልም። ይህን ስትሰማ ሸክሟ የሚቀልላት መስሎኝ ነበር።

“ታዲያ አልሰማኝም” አለች። “ይቅርታ እንደጠየቅኩት ሳያውቅ ሞተ።”

በሯን ከፍታ ወረደች፣ በኋላ በኩል ዞራ ወደ ግራው በር ሄደች። በተከፈተው መስኮት ጎንበስ አለችና፣ ከመሪው ኋላ፣ የተቀመጠ ሰው ግራ ጆሮ በሚሆንበት ቁመት ላይ፣ ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች።