የጠፋብህ ፋይል

የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሦስት ቀን ሙሉ ከመጠባበቂያ ቋቱ ጋር ስትታገል ከረመች። ቋቱ የሠራተኛውን ሁሉ ፋይል በየቀኑ እየቀዳ ያስቀምጣል፤ የተሰረዘውን እንኳ አይጥልም። ግን ግትር ነው። ስሙ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ፋይል በትልልቁ ከፈለጉት «የለም» ብሎ ድርቅ ይላል። ሐሙስ ከምሳ በፊት ይህን ግትርነቱን አስተወችውና ለሙከራ የራሷን ስም በትልልቁ ጻፈች።

ትናንት በዚሁ አጻጻፍ ያወጣላት ሦስት ፋይል ብቻ ነበር፤ የቅጥር ደብዳቤዋና ሁለት የዕረፍት ፈቃድ። አሁን ስልሳ አንድ አወጣ። አዲሶቹ በሙሉ ስሟ በትንንሹ የተጻፈባቸው፣ ከአንድ ኮምፒውተር የመጡ፣ ጠዋት ተጽፈው ከሥራ መውጫ ላይ የተሰረዙ ናቸው። ኮምፒውተሩ የንብረት ክፍሉ የአንዷለም ነው፤ በየሳምንቱ «እምቢ አለኝ» እያለ የሚጠራት፣ ስትመጣ ግን አንገቱን የሚደፋው።

የመጨረሻውን ከፈተች። «ምነው ደፍሬ ምሳ አብረን እንብላ ባልኩሽ» ይላል። ሳቋን በእጇ አፈነች። ጥቂት ቆይታ ስልክ አነሳች።

«አንዷለም፣ የጠፋብህን ፋይል መልሼልሃለሁ።»

«እኔ? ኧረ ምንም አልጠፋብኝም!»

«ጠፍቶብሃል። ከፍተህ እየው፤ መልሱን ከሥሩ ጽፌልሃለሁ። ቶሎ በል ብቻ፣ ርቦኛል።»