የግምት እሑድ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የማወራላችሁ ስለቀናሁበት ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩትም።

«ሽቦ፣ ውጣ!» አለ የጋራዣችን በያጅ ጠመኔውን ከኪሱ እያወጣ። ሽቦ እየሳቀ ወጣና በሩን ከኋላው ገጠም አደረገው።

ሽቦ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስሙን ያወጣለት ቅጥነቱ ነው። ጋራዣችን መካኒክ ሆኖ ከተቀጠረ ገና ሦስት ወሩ ነበር። በቀደመው ዓመት ለዳቦ ቤቶቹ ቡድን ተሰልፎ አሥራ ሰባት ጎል አገባ፤ አራቱን እኛ ላይ።

የሠራተኞች የእሑድ ውድድር ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው እንዲህ በያጁ ቤት እንሰበሰባለን። አጥቂ የሆነ ሁሉ በየተራው ይወጣል፤ የቀረነው ዘንድሮ ስንት ጎል እንደሚያገባ እንገምታለን። የተስማማንበትን በያጁ ግድግዳ ላይ በተደገፈ ላሜራ ላይ ይጽፈዋል። ትልቁ ቁጥር የወጣለት ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ይለብሳል። ያቺን ማሊያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የለበስኳት እኔ ነኝ።

የቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ውጭ የቆመው «ይማርህ» ይላል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ እዚያ ቤት ቀልድ እንጂ ሐሜት አይወራም።

«ሃያ ጻፍለት!» አለ በረኛችን ጠብደል። «ዓምና ምን እንዳደረገኝ ረሳችሁት? እኔ እንደሆንኩ እስካሁን በህልሜ ከመረብ ውስጥ ኳስ እየለቀምኩ ነው።»

«አንተ ላይ ደግሞ ማን የማያገባ አለ?» አለ ቀለም ቀቢው። የእሱ ግምት ቀደም ብሎ ሦስት ተብሎ ተጽፎ ስለነበር አኩርፏል። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኔ አልሳቅኩም። ቤቴ ስገባ ሽቦ፣ ሥራ ስገባ ሽቦ። ሚስቴ የወንድሟን እግር ስታወድስ እራታችን ይቀዘቅዛል። የገዛ ልጄ ኳስ ጠልዛ «አባዬ፣ እንደ አጎቴ መታሁ?» ትለኛለች።

«ሃያ ይሁን?» በያጁ ጠመኔውን ላሜራው ላይ አሳረፈ።

«ቆይ እስቲ» አልኩ። «ጉልበቱስ?»

«ምን ሆነ ጉልበቱ?»

ሚስቴ በስንት አደራ ነው የነገረችኝ። ምላሴን ነክሼ ዝም ማለት እችል ነበር። ቅናቱ ግን ቆርቆሮውን አስረሳኝ።

«ውኃ ቋጥሯል። ሐኪሙ ሩጫ ቀንስ ብሎታል። ውድድሩን ግማሽ ካደረሰ ዕድለኛ ነው። አምስት ይበቃዋል።»

በያጁ እኔን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ። ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። ውጭ ጠጠሩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚል እርምጃ ነበር፤ እሱም ቀጥ ብሏል።

አምስት ተጻፈ።

ሽቦ ተጠርቶ ገባና ላሜራውን አየው። «አምስት! ከጠብደል ጋር አምታታችሁኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ የለም። ወደ እኔ አልዞረም።

«ካፒቴን፣ ያንተ ተራ» አለኝ በያጁ።

ወጥቼ በሩን ገጠምኩና ቆምኩ። አሁን ጉዴን ስሙኝ። ከዚያ ሁለት ወር በፊት የግራ ዓይኔ ብርሃኑ እየደከመ ሲያስቸግረኝ ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ ሽቦ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ወረፋ አብሮኝ ተቀምጦ ዋለ። «ለእህትህም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል» ብዬ አስምዬዋለሁ። አሁን አፉን ቢከፍት ዘጠኝ ቁጥር ቀርቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ አልቀመጥም።

ተናገር፣ አልኩት በልቤ። ተናገርና እኩል እንሁን።

«ለካፒቴን ስንት?» አለ በያጁ።

«ኧረ ዕድሜም አለ!» የቀለም ቀቢው ድምፅ ነው። «ዓምና መጨረሻ ላይ ባዶ ጎል ስቶ የለ? በግራው የመጣች ኳስ እኮ ጨርሶ የሚያያት አይመስልም።»

«ሽቦ፣ አንተ ቤተሰቡ ነህ። ምን ትላለህ?»

መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አደረግኩት፤ ፀሐይ አግሎታል።

«ጋሼ ዓምና ስምንት አግብቷል» አለ ሽቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አጠገቡ ላሉት ሰዎች እንዲያ መጮህ አያስፈልግም ነበር። «ዘንድሮም ስምንት ያገባል። ኳሷን በቀኙ በኩል እናምጣለት፤ እኔ አቀብለዋለሁ።»

ስገባ ስምንት ተጽፎልኛል፤ ከአምስቱ በላይ። በያጁ ማሊያዋን ወረወረልኝ። ከሁሉም ቀድሞ ያጨበጨበው ሽቦ ነው፤ መጨረሻ ያቆመውም እሱ።

በእግሩ ስቀና ኖሬ ቢያንስ መጽናኛ ነበረኝ፤ እግር ያረጃል እል ነበር። ያን ቀን በልቡ ስቀና ግን በምን ልጽናና? ማሊያዋን በራሴ አጠለቅኩና ፊቴ ጨርቁ ውስጥ እንዳለ ከሚገባው በላይ ቆየሁ።

ልጆቼ፣ የእኔን ስምንት ብትረሱት ግድ የለም። ሽቦን ግን አደራ፣ አስቡልኝ።