ያልተቀበረች እናት

እየሩስ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ሳበችው። በጤና ጣቢያው በረንዳ፣ ከአማቷ ከወይዘሮ ጌታነሽ አጠገብ መጥታ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሴት እናቷ ነበረች።

ወደዚህ ወደ ዘመሮ ከተማ ስትዳር ለባሏ ቤተሰብ እናቴ ሞታለች ብላ ነበር። ያሳደገቻት፣ ራቤል የምትኖረው አክስቷም ሽማግሌዎቹ ዘር ሲጠይቁ ያንኑ አጸናችላት። እውነቱ ግን እናቷ ጥሩሸዋ አእምሮዋ ታውኮ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት የኖረች ሴት ነበረች። እየሩስ ካረገዘች ወዲህ ራሷን ስትጠብቅ ትውላለች። ጨዉን የት እንዳኖረችው ስትረሳ፣ ወይም ያለ ምክንያት እንባዋ ሲመጣ፣ የእናቴ ሕመም ያዘኝ ትላለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ሲገላበጥ ደግሞ ደስ ከመሰኘቷ በፊት ይኼስ ከማን ይወጣ ይሆን ብላ ትሰጋለች። ለባሏ ለበኃይሉ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም።

እናቷ ወፈር ብላለች፤ ልብሷ ንጹሕ፣ ፊቷም የረጋ ነው። ጭኗ ላይ ያኖረቻቸው እጆቿ ብቻ ይንቀጠቀጣሉ። ዓይኗ የእየሩስ ሆድ ላይ ትንሽ ቆየና ወደ ግቢው ባሕር ዛፎች ዞረ።

ወይዘሮ ጌታነሽ ከሰው ጎን ተቀምጠው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ከወዴት እንደመጣች ጠየቋት፤ ከቀየት በኩል አለቻቸው። ምን እንዳመማት ጠየቋት፤ በየወሩ መድኃኒት ልትወስድ እንደምትመጣ ነገረቻቸው። የምን መድኃኒት ሲሏት ድምጿን ሳትቀንስ፣ የአእምሮ አለች። ወይዘሮ ጌታነሽ ሳያስቡት የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ። እየሩስ አየች። እናቷም አየች።

"ልጅ አለሽ?" አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ያደረጉት ራሳቸውን አሳፍሯቸው።

"የለኝም" አለች ጥሩሸዋ። "አንዲት ወልጄ ነበር፤ አላሳደግኋትም።"

የእየሩስ ፊት እንደ እሳት ነደደ። አሁን አንድ ነገር ማለት ነበረባት። እሷ ግን ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበችው።

"የያዘኝ በአራስነቴ ነው" አለች ጥሩሸዋ፣ አሁንም ዛፎቹን እያየች። "እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰው የአራስ ነገር ነው እያለ ዝም አለኝ። መድኃኒት የሚባል መኖሩን ያወቅሁት ሁሉም ካመለጠኝ በኋላ ነው። እትዬ፣ ከቤትዎ የምትወልድ ካለች፣ እንቅልፍ ሲጠፋባት ወይም የማይሆን ነገር ስትናገር ካዩ ይዘዋት ይምጡ። ነገ አይበሉ። ጠበሉም ይቅር አልልም፤ ብቻ ወዲህም ያምጧት።"

"የእኛዋስ ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን" አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ የእየሩስን ጉልበት ቸብ አድርገው።

"ደህና ያድርጋት" አለች ጥሩሸዋ። ቀና ብላ አላየቻትም።

ከዚያ ስሟ ተጠራ። ገብታ መድኃኒቷን ተቀበለች፤ ስትወጣ በፊታቸው አልፋ ደረጃውን በቀስታ ወረደችና ከባሕር ዛፎቹ ሥር አረፍ አለች።

ተራው የእየሩስ ሆነ። ወይዘሮ ጌታነሽ አብረዋት ገቡ። ነርሷ ሆዷን ዳሰሰች፣ የጽንሱን የልብ ምት አዳመጠች፣ ከዚያም እንደ ወትሮው የሚያሳስባት ነገር ካለ ጠየቀቻት። እየሩስ ሁልጊዜ ምንም የለም ነበር የምትለው።

"አሁን የወጣችው ሴት እናቴ ናት" አለች፤ የተናገረችው ለወለሉ ይመስል ነበር። "እኔን ወልዳ ነው የያዛት። እኔንም እንዳይዘኝ፣ ልጄንም እንዳይዘው እፈራለሁ።"

ነርሷ አልደነገጠችም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻትና፣ እናት ታመመች ማለት ልጅ የግድ ይታመማል ማለት እንዳልሆነ፣ ግን ከወለደች በኋላ በቅርብ ልትታይ እንደሚገባ አስረዳቻት። መናገሯም ደግ እንደሆነ ነገረቻት። እየሩስ ግማሹን አልሰማችም። የምትጠብቀው አማቷ የሚሉትን ነበር።

"ሞታለች አላልሽንም ነበር?" አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

"ብያለሁ።"

"ልጅ የለኝም ስትለኝ እዚያው ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

ከዚያ በላይ አልጠየቋትም። እየሩስ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድቡ በቀለላት። ወይዘሮ ጌታነሽ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ተነሡ፤ በሩንም ሳይዘጉት ወጡ።

እየሩስ ከመመርመሪያው አልጋ ወርዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። ውጭ የጠዋቱ ጉም ገና አልተገፈፈም። እናቷ ከግቢው በር ደርሳለች። ወይዘሮ ጌታነሽ በሚያማቸው ጉልበት እያነከሱ ከኋላዋ ይከተላሉ።

"አንቺ ሴት! ቆዪ እንጂ!"

ቁጣ ይሁን ልመና ከድምፃቸው አይለይም።

ጥሩሸዋ ቆመች። ስትዞር ግን የጠሯትን ሴት አላየችም፤ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ነበር ያየችው፣ ምን አደረግሽ፣ ነገርሻቸው እንዴ በሚል ፍርሃት። እየሩስ ከመስኮቱ ገለል ማለት ቃጣት። ግን እንባዋ እየወረደ፣ ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ ባለችበት ቆመች።