የሃልቮር ገጽ

ሃልቮር ባዶ ወረቀቱን በከተማው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ከተማዋ በስንዴው ሜዳ መሀል ከተቆረቆረች ሰባ አምስት ዓመት ስለሞላት መጽሐፍ ሊታተምላት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብም አንድ ገጽ ተሰጥቶታል። ማስረከቢያው ያ ቀን ነበር።

«ምን ልጻፍ? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ» አላት ስቴፋ የተባለችውን፣ ገጾቹን የምትሰበስበውን ጎረቤቱን። «ከኖርዌይ ብቻዬን መጣሁ፣ ስንዴ ዘራሁ፣ ስንዴ አጨድኩ። አለቀ። ያለ እኔ ይታተም።»

«አርባ ዓመት አጥር ላይ ተደግፈህ ስትለፈልፍብን ኖረህ፣ ዛሬ ቃል አጠረህ?» አለችና የራሷን ቤተሰብ ገጽ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

መነጽሩን ሰክቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የባሏ ስም፣ የአምስቱ ልጆቿ፣ ድሮ የሞተው ውሻቸው ሳይቀር ተጽፏል። ጣቱ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሃልቮር» ይላል፤ «በበረዶ ማዕበል አዋላጅ ያመጣልን፣ ልጆቻችን አጎቴ የሚሉት፣ የእሑድ ምሳችንን የሚጨርስብን።»

መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ ግን አላደረገውም።

«ከውሻው በታች ነው የጻፍሽኝ?» አለ በመጨረሻ።

«ውሻው ቀድሞህ ነዋ የመጣው!»

ሃልቮር ባዶውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይሁን» አለ። «ደግ ውሻ ነበር።»