ዝምተኛው ገምጋሚ

ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ሻይዋን ይዛ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። እንድትገመግመው የተላከላት አዲስ ድራይቨር ነበር፤ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ መረጃ እንዲጽፍ የሚያደርግ ፕሮግራም። ሻዩ ሳይበርድ ስህተቱን አገኘችው፤ ድራይቨሩ ገና ያልጻፈውን “ጽፌአለሁ” ይላል። መብራት ድንገት ቢጠፋ የስንቱ ሆስፒታል፣ የስንቱ ባንክ መረጃ ውሃ ሊበላው ነው።

በስልክ ብቻ ለምታውቀው ኃላፊዋ ለምንተስኖት ደውላ ስህተቱን ነገረችው።

“እህቴ፣ ዋናው ገምጋሚ ይርዳው ጋ ሳምንት ቆይቶ ነው የመጣልሽ፤ ተስማምቶበታል እኮ።”

“ተስማማሁ ብሎ ጻፈ?”

“መች ጽፎ ያውቃል? በሳምንት ውስጥ ያልተቃወመ እንደተስማማ ነው የሚቆጠረው። እሱ እንዳንቺ ነገር አያበዛም! ባለፈው ዓመት የሸለምነው ለምን ሆነና? ቃሉም ካንቺ ቃል ይበልጣል።”

ስክሪኑ ላይ ከእሷ ስም በላይ የተጻፈውን ስም አየች። እውነቱን ከተናገረች ስሙን ያጠፉታል።

“ይርዳው ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው” አለች።

“ኧረ በሰው ሞት አይቀለድም! ሽልማቱን ማን ወሰደው ታዲያ?”

“እኔ።”

“አንቺ ምኑ ነሽና?”

“ሚስቱ።”

ምንተስኖት ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ነፍስ ይማር” አለ። ወዲያው ደግሞ፣ “እስከ ዛሬ ያጸደቃቸው ፕሮግራሞችስ ምን ሊሆኑ ነው?”

“እነሱን እኔ አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው።”

ከቀትር በፊት ድራይቨሩ ለእርማት ተመለሰ። በገምጋሚዎቹ ገጽ ላይ የእሷ ስም አለ፤ የይርዳው የለም።